የድምፅ ፍጥነት በፈሳሽ ውስጥ በብርሃን እንደሚለካ

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በውኃ ውስጥ ግን ከዚህ አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1826 ዓ.ም. ኮላዶን የተባለ ስዊሳዊ በጄኔቭ ሐይቅ ላይ መረመረ። በአንደኛው ጀልባ ደወል ከውኃው በታች ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይነድ ነበር። ኮላዶንም ከ13 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ሌላ ጀልባ ላይ ሆኖ፥ ረጅም የቈርቈሮ መለከት በውኃ ነክሮ ያዳምጥ ነበር። ብልጭታውን ካየበት ድምፁን እስከ ሰማበት ያለውን ጊዜ ቢቈጥር፥ ፍጥነቱ በሰከንድ 1435 ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ነገር ግን የሚመረመረው ፈሳሽ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ቢሆን ሐይቅ ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ ሊቃውንት ሌላ መንገድ ፈለጉ።

የረጋ የሚመስል ፈሳሽ እንኳ ከሙቀቱ የተነሣ ደቃቅ ክፍሎቹ ዕረፍት የላቸውም። መናወጣቸውም ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ማዕበል ሆኖ በየአቅጣጫው ይሮጣል። ብርሃን በፈሳሹ ሲያልፍ ጥቂቱ ከዚህ ማዕበል የተነሣ ይበተናል። የባቡር ፉጨት ሲቀርብ ቀጥኖ፥ ሲርቅ ወፍሮ እንደሚሰማ፥ እንዲሁ የተበተነው ብርሃን ማዕበሉ ሲመጣ ወይም ሲሸሽ ቀለሙ እጅግ በጥቂቱ ይለወጣል። ብርሃኑ የተበተነበት አቅጣጫ ታውቆ የለውጡ መጠን ሲለካ የድምፁ ፍጥነት በሒሳብ ይገኛል።

ይህንንም በ1922 ዓ.ም. ብሪሉዌን የተባለ ፈረንሳዊ አስቀድሞ በሒሳብ አሳየ፤ በ1930 ዓ.ም. ግሮስ የተባለ ሩሲያዊ በፈሳሽ ውስጥ ተመልክቶ አረጋገጠ።

ፍጥነቱና የፈሳሹ ክብደት በመጠኑ ከታወቁ፥ ፈሳሹ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይታወቃል። እንግዲህ ደወል ሳይመታ፥ ፈሳሹም ሳይነካ፥ ለዚህ ሁሉ አንዲት ብልቃጥ ትበቃለች።