ጠበልና ኪኒን፦ «ባይናችን አይተናል» ሲባል

«ጠበል ወይስ መድኃኒት» የሚለው ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር ነገሩ ወደ እምነትና ሳይንስ ይዞራል። አንዱ ሐኪሞችን እምነት የለሽ ይላል፤ ሌላው ምእመኑን ያልተማረ ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ክስ ብዙ የሚያስረዳ አይመስለኝም። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጁን መድኃኒት አስቋርጦ ጠበል ያስገባ ቤተሰብ ሲጠየቅ ስለ ሃይማኖት አይከራከርም፤ «ባይናችን አይተን ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይቷል። ያሳሳተው የጊዜው አቆጣጠር ነው።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሲቋረጥም ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። የድብርት መድኃኒት ለውጡ በደንብ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። የሌለ ድምፅ የሚሰማው ሰውም ቢሆን እስኪረጋ ጊዜ ይወስዳል። ድካሙ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ፣ የሰውነት መገተሩ ግን ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ በሁለተኛው ሳምንት የሚያየው ልጅ ቀን ሙሉ የሚተኛ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ነው። «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ብለው ወደ ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ።

ከዚያ ሱባኤ ይገባል፤ 7 ቀን፣ 14 ቀን፣ አንዳንዱም 40። በማለዳ በባዶ ሆዱ ይጠመቃል፣ እምነት ይቀባል፣ አስታማሚው ከጎኑ አይጠፋም። ኪኒኑ በቆመ በቀናት ውስጥ ድንዛዜው ይለቀዋል። ቀና ብሎ «እማዬ» ይላል፣ የሰጡትን ቆሎ ይቆረጥማል። ይህን ያየች እናት ምን ትበል? ሕመሙ የሚያገረሸው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፣ ልጁ ቤቱ ገብቶ ሥራ ከጀመረ ወዲያ። ያን ጊዜ ሰበቡ ሌላ ይሆናል፦ ጾም ገደፈ፣ ስለቱ አልገባም፣ ቶሎ ወጣ። ኪኒኑን ማንም አያነሳውም።

በራሱ ጊዜ የሚለቅ ሕመምም አለ። ከሐዘን ወይም ከድንጋጤ በኋላ ድንገት ተነስቶ ወር ሳይሞላው የሚተው አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ጸሎቱ፣ ዕረፍቱና የወገን ጥበቃው ጠቅሞታል ለማለት አላመነታም። ግን የጠበሉን ዝና ሰምቶ የሚመጣው ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልገው የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛም ነው።

በኤችአይቪ ጊዜም ያው ጥያቄ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናገሩ፤ ቃላቸውም ትልቅ ክብደት ነበረው። ለኤችአይቪ ግን የሚዳኝ ነገርም አለ፦ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው የበሽታ መከላከያ ሕዋሱ (ሲዲፎር) ቁጥር ሲወርድ በወረቀት ይታያል። ለአእምሮ ሕመም እንዲህ ያለ ወረቀት የለም፤ ምስክሩ የአስታማሚው ዓይን ብቻ ነው።

መዘዙ ቀላል አይደለም። በተደጋጋሚ ያገረሸበት ሰው እንደ መጀመሪያው ቶሎ ላይመለስ ይችላል። ትምህርቱ ይቀራል፣ የቤቱ ጥሪት በመንገድና በስንቅ ያልቃል፣ ሰው መምታት ሲጀምር በሰንሰለት ይታሰራል። እዚህ ላይ ወቀሳዬ ወደ ሐኪም ቤቱ ያዘነብላል። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ወረፋው በበዛበት «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ከማለት ሌላ ጊዜ አይተርፍም። የመድኃኒቱ መጀመሪያ እንደሚከብድ፣ ቢያቋርጡት ለጊዜው የተሻለ እንደሚመስል ለቤተሰቦቹ ማን ይንገራቸው? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ከየትኛው ምግብ በኋላ ይዋጠው? ሐኪሙ ስለ ጠበል አይጠይቅም፤ ሕመምተኛውም ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል።

ቢነገራቸውስ ይሰማሉ ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩን አጥማቂው ቢናገረው ግን ሌላ ነው። በእንጦጦ ማርያም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተግባብተው ጠበልተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ እንዲጠመቅ አድርገዋል። «ታዲያ የትኛው አዳነው?» ብለው የሚከራከሩ አይጠፉም፤ ኪኒኑ እስካልተቋረጠ ድረስ ምስጋናው ለማንም ቢሆን እኔን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሱባኤው ሲያበቃ ያለው ነው። ጠበልተኛው ወደ ወረዳው ይመለሳል፤ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ያንኑ መድኃኒት በየወሩ ካላገኘለት የእንጦጦው ስምምነት መንገድ ላይ ይቀራል።