የቤታችን ሸረሪቶች፦ ጉዳት የሌላቸውን እንዴት እንለያቸው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሸረሪት የማይገኝበት ቤት የለም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በቆዳ ላይ በወጣ ቁጥር «የሸረሪት ሽንት ነው» ማለት የተለመደ ነው። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን? በቤታችን የምናያቸው ሸረሪቶችስ የትኞቹ ናቸው?

ሸረሪትና ነፍሳት

ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይመደብም። ነፍሳት ስድስት እግርና አንቴና ሲኖራቸው፣ ሸረሪት ስምንት እግር አለው፤ አንቴና ግን የለውም። ሸረሪቶች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ለአደን የሚጠቀሙበት መርዝ ቢኖራቸውም፣ የአብዛኞቹ ጥርስ የሰውን ቆዳ ለመብሳት አይበቃም፤ ቢበሳም መርዛቸው ለሰው ደካማ ነው።

ኮምቦልቻ ከደሴ በ650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠበቃል። የሸረሪትም ሆነ የትንኝ ሰውነት ሙቀት በአካባቢው ሙቀት ስለሚወሰን፣ በሞቃት ቤት ሁለቱም ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስቱ የቤት እንግዶች

1. ባለ ረጅም እግር ሸረሪት፦ ሰውነቱ ትንሽ፣ እግሮቹ እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው። በኮርኒስ ማዕዘን የተዘበራረቀ ድር ይሠራል፤ ሲነካ ከነድሩ በፍጥነት ይርገበገባል።

2. ዘላይ ሸረሪት፦ አጭርና ድፍን ያለ ሲሆን፣ ከፊቱ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት። በቀን በመስኮት ላይ ዝንብ ሲያደባ ይታያል። ለአደን ድር አይዘረጋም።

3. ጠፍጣፋ ሸረሪት፦ እግሮቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ከግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ሌሊት መብራት ሲበራ በድንገት ይሮጣል። ከሦስቱ ይበልጥ ቢያስደነግጥም ሰውን አይጎዳም።

የሸረሪት ዝላይ የፊዚክስ ትምህርት ነው። ዋና ዋና የእግሩን መገጣጠሚያዎች የሚያጥፍ ጡንቻ አለው፤ የሚዘረጋ ጡንቻ ግን የለውም። የሚዘረጋቸው የሰውነቱን ፈሳሽ በግፊት ወደ እግሮቹ በመላክ ነው፤ ገልባጭ መኪና ጭነቱን በዘይት ግፊት እንደሚያነሣ ማለት ነው። ሸረሪት ሲሞት እግሮቹ የሚታጠፉትም ግፊቱ ስለሚጠፋ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው

በአፍሪካ በስፋት የሚገኝ አንድ ቡናማ ሸረሪት ግን ንክሻው ያማል። ሆዱ ድብልብል ሲሆን፣ ከሥሩ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ብርቱካናማ ምልክት አለበት፤ የዕንቁላሉ ከረጢትም እሾሃማ ነው። ስለዚህ የተከመረ እንጨት ወይም ድንጋይ በባዶ እጅ አይነሣ።

«የሸረሪት ሽንት» ምንድን ነው?

የሸረሪት ጽዳጅ በአብዛኛው ጓኒን የተባለ፣ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ ነጭ ነገር ነው፤ ቆዳ አያቃጥልም። በአንድ የሰውነት ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተሰልፎ የሚወጣውና የሚያቃጥለው ሽፍታ ብዙውን ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ነው። መንሥኤውም ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ለዓመታት በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሣል። ሽፍታው የሚሰለፈውም የአንድን ነርቭ መሥመር ስለሚከተል ነው።

ልዩነቱን ማወቅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። በዓይን አካባቢ ከወጣ ዓይንን ሊያሳውር ይችላል። በወጣትነት ዕድሜ ከታየም የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ሸረሪቱን ሲረግሙና ቅባት ሲቀቡ የሚያልፉት ሦስት ቀናት ተመልሰው አይገኙም።

በመሆኑም ሸረሪት በቤትዎ ሲያዩ በመጀመሪያ ቅርጹን፣ ድሩንና አኳኋኑን ይመልከቱ። ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ዝንብና ትንኝ የሚቀንስልዎ ነውና ሊተዉት ይችላሉ። ካልፈለጉት ብርጭቆ ደፍተውበት፣ ከሥሩ ወረቀት አስገብተው ወደ ውጭ ያውጡት። ሽፍታው ከወጣብዎ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።