የመኪና ሞላ እንዴት ይመረጣል?

መኪና መሬት የሚነካው በጎማው ቢሆንም ክብደቱን የሚሸከመው በሞላው ነው። ሞላ ማለት ጭነት ሲያርፍበት የሚጎብጥ ወይም የሚጨመቅ፣ ጭነቱ ሲነሣለት ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርፁ የሚመለስ የብረት ሥራ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ድንጋይ ሲወጣ ሞላው በመካከል ሆኖ እየተጨመቀና እየተዘረጋ፣ የመንገዱ ምት እንዳለ ወደ ሰውና ወደ ዕቃ እንዳያልፍ ይከላከላል። አስፋልት በሌለበት መንገድ ለሚሠራ መኪና ሞላ መምረጥ ሞተር ከመምረጥ የማያንስ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን ጋራዦች ሁለት ዐይነት ሞላዎች በብዛት ይታወቃሉ። አንደኛው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ርዝመታቸው እያጠረ የሚሄድ ዝርግ ብረቶች አንዱ ከሌላው ጋር ተደርበውና መካከላቸው ላይ ታስረው የሚሠራ ነው፤ ስሙም የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ሁለተኛው ወፍራም የብረት ዘንግ ተጠምዝዞ የሚሠራው ጥቅልል ሞላ ነው። አንድ መኪና ሁለቱንም ዐይነት ሊይዝ ይችላል። በገጠር መንገዶቻችን ላይ ዘወትር የሚታየው ባለ 70 ቍጥር ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠራው፣ ከፊት ጥቅልል ሞላ፣ ከኋላ ግን ባሌስትራ አለው። የኋላው ባሌስትራ የሆነበት ምክንያት ጭነቱ በአብዛኛው የሚያርፈው ከኋላ ስለ ሆነ ነው።

የሞላን ጠባይ በቍጥር ለመግለጽ መንገድ የከፈተው እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሁክ ነው። ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኀይል ልክ መሆኑን አስረዳ። ኀይሉ እጥፍ ሲሆን ልጠቱም እጥፍ ይሆናል። በዚህ መሠረት አንድን ሞላ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ለማድረግ የሚያስፈልገው ክብደት የሞላው ግትርነት ይባላል። ለምሳሌ ግትርነቱ በሴንቲ ሜትር 40 ኪሎ ግራም የሆነ ሞላ 400 ኪሎ ግራም ሲጫንበት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ግትርነቱ 100 ኪሎ ግራም የሆነው ግን በዚያው ክብደት ዝቅ የሚለው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ብዙ ሰዎች ለክፉ መንገድ የሚስማማው ግትር ሞላ ነው ብለው ያምናሉ። ይህ አባባል ለጭነት መኪና ያስኬድ እንደ ሆነ እንጂ ለሁሉም አይሠራም። ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት የኢሉባቦርን ምድር እንመልከት። መቱ በደንና በቡና በተሸፈኑ ኮረብታዎች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ግን 500 ሜትር ገደማ ከፍታ እስካለው ቆላ ድረስ ይወርዳል። በዚህ አገር ዝናቡ ብዙ ወራት ይቆያል። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎቹ ሲገቡ ቀዩ አፈር በክረምት ያዳልጣል፤ የጎማ ዱካም ውኃ እየሸረሸረው ቦይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ መኪና ሁለት ታላላቅ ሥራዎች አሉት። አንዱ ቡናን ከገበሬው ደጃፍ ወደ ገበያ ማድረስ ነው። ሁለተኛው በምጥ የተያዘችን እናት ወይም ሌላ ሕመምተኛን መቱ ወደሚገኘው ካርል ሆስፒታል ማድረስ ነው።

እንግዲህ አንድ ጋራዥ በአራቱም ጎማው የሚስብ መኪና የኋላ አካሉን ለውጦ እንደ ገና ሊሠራው ተዘጋጀ እንበል። መኪናው ባዶውን ሲሆን በእያንዳንዱ የኋላ ባሌስትራ ላይ 400 ኪሎ ግራም ያርፍበታል። ባዶውን እንደ ቆመ፣ በዘንጉና ከሻንሲው ሥር ባለው የጎማ መቆሚያ መካከል ያለው ክፍተት 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ጋራዡ ከሁለት ባሌስትራዎች አንዱን መምረጥ አለበት፤ የአንደኛው ግትርነት 40፣ የሁለተኛው ደግሞ 100 ኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ነው።

መኪናው ለቡና የተዘጋጀ ከሆነ 10 ኩንታል፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ግራም ይጫንበታል። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ ባሌስትራ 500 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ግትርነቱ 40 የሆነው ባሌስትራ በዚህ ጭነት 12.5 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ያለው ክፍተት ግን 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ዘንጉ ከመቆሚያው ጋር ይጋጫል፤ ሻንሲውም ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ግትርነቱ 100 የሆነው ግን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ለመንገዱ 3 ሴንቲ ሜትር ያተርፋል። ስለዚህ ለቡና የሚበጀው ግትሩ ባሌስትራ ነው።

መኪናው ለሕመምተኛ የተዘጋጀ ከሆነስ? አልጋው፣ ሕመምተኛው፣ ነርሱና አስታማሚው በአንድነት 300 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝኑ ለእያንዳንዱ ባሌስትራ 150 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ግትርነቱ 40 የሆነው ባሌስትራ ተጨማሪ 3.75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ስለሚል ከመቆሚያው አይደርስም። ሁለቱም ባሌስትራዎች ጭነቱን ይችሉታል ማለት ነው። ልዩነታቸው የሚታየው በመወዛወዛቸው ነው።

መኪና በሞላው ላይ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሞላው በተሸከመው ጠቅላላ ክብደት ምክንያት ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ ይታወቃል፤ የዚህ ቍጥር ዳግም ዘር ይወሰዳል፤ ከዚያም 300 ለተገኘው ቍጥር ይካፈላል። በምሳሌያችን ጠቅላላው ክብደት 550 ኪሎ ግራም ነው። ግትሩ ባሌስትራ 5.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል በደቂቃ 128 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ለስላሳው 13.75 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚል የሚወዛወዘው 81 ጊዜ ያህል ነው። ለተሳፋሪ ምቹ ሆኖ የሚገኘው በደቂቃ ከ60 እስከ 90 የሚደርስ መወዛወዝ ነው። ከዚያ የፈጠነው ሰውን ያንገላታል፤ ይልቁንም በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደርስ የሽቅብና የቍልቍል ንዝረት ለሰው አካል እጅግ የከፋ ነው። ቡና ቢንገላታ አያጉረመርምም፤ በምጥ ላይ ያለች እናት ግን እያንዳንዱን ምት በአካሏ ትቀበለዋለች። ስለዚህ ለሕመምተኛ የሚበጀው ለስላሳው ባሌስትራ ነው።

የግትር ሞላ ጉዳት ተሳፋሪን በማንገላታት ብቻ አይወሰንም። ባዶውን የሚሄድ ባለ ግትር ሞላ መኪና ጎማው ቦይ ውስጥ ወርዶ መሬቱን በመከተል ፈንታ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ አይስብም፤ አይመራም፤ ፍሬንም አይታዘዝም። መሐንዲሶች ይህን ስለ ተገነዘቡ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅ ሮቨር በባሌስትራ ፈንታ ለስላሳና ረጅም ጥቅልል ሞላ ተደረገለት። ላንድ ሮቨርም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው አዲስ ሞዴል ይህንኑ ፈለግ ተከተለ።

አንድ መኪና አንድ ቀን ቡና፣ ሌላ ቀን ሕመምተኛ የሚጭን ከሆነ መካከለኛ መፍትሔ አለ። ይኸውም ከለስላሳው ባሌስትራ ጋር ረዳት ባሌስትራ መጨመር ነው። ረዳቱ መኪናው ቀላል ጭነት ሲይዝ ሥራ አይገባም፤ ጭነቱ ሲበዛና ዋናው ባሌስትራ ዝቅ ሲል ግን ደርሶ ያግዘዋል።

ሞላን ያለ ስሌት መለወጥ አደገኛ ነው። የባሌስትራ ብረት ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ወፈር ያለ» ብረት መጨመር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ አይደለም። ጥቅልል ሞላም ተቈርጦ ሲያጥር ይበልጥ ይገትራል እንጂ አይለሰልስም። ሞላን በእሳት አግሎ መቀጥቀጥም ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን የመመለስ ኀይል ያጠፋበታል።

በመሆኑም ሞላ የሚመርጥ ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። በመጀመሪያ መኪናውን ባዶውንና ከነጭነቱ ያስመዝናል። ቀጥሎ በዘንጉና በመቆሚያው መካከል ያለውን ክፍተት ይለካል። ከዚያም ጭነቱን ያለ ግጭት ከሚሸከሙት ሞላዎች መካከል ለስላሳውን ይመርጣል። በመጨረሻም በጋራዥ አሞርቲዛተር የሚባለውንና የሞላውን መወዛወዝ የሚያረጋውን ክፍል ለሞላው የሚስማማ አድርጎ ይገጥማል። በአጭሩ፣ ጥሩ ሞላ የሚባለው ከሁሉ የጠነከረው ሳይሆን ለተመደበበት ሥራ ልኩ የሆነው ነው። መኪናው የሚጭነው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ሞላ መምረጥ አይችልም።

መልመጃ

1. ባሌስትራና ጥቅልል ሞላ በምን ይለያያሉ? በሁለት ዐረፍተ ነገር ግለጽ።
2. ግትርነቱ በሴንቲ ሜትር 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሞላ 540 ኪሎ ግራም ቢሸከም ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል? በደቂቃስ ስንት ጊዜ ይወዛወዛል?
3. «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እና «ይኸውም» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አመልክት።
4. በአካባቢህ የሚሠራ አንድ መሣሪያ መርጠህ፣ አሠራሩንና ለሥራው የሚስማማው እንዴት እንደሚመረጥ በሦስት አንቀጽ የሚያስረዳ ገላጭ ድርሰት ጻፍ።