የዋህነትና ልምድ በአንድ ጥራዝ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለብዙ ነገር እውነት ነው። ቅኔና ሥዕል ለሚሠራ ሰው ግን የየዋህነት ቡኮ የሚጣል እንዳይደለ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔና ሠዓሊ ከዊልያም ብሌክ ታሪክ ለመረዳት እንችላለን።

ብሌክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1757 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ነጋዴው አባቱ የልጁን ዝንባሌ አይቶ በ10 ዓመቱ ሥዕል ተማሪ ቤት አስገባው፤ በ14 ዓመቱም በመዳብ ላይ መቅረጽን እንዲማር ለባለሙያ ሰጠው፤ 7 ዓመትም ተማረ። በ1782 ዓ.ም. ካትሪን የምትባል የድኻ ልጅ አገባ። እርስዋም መጻፍ ስለማታውቅ በጋብቻው መዝገብ ላይ በስሟ ፈንታ ምልክት ብቻ አደረገች። ባልዋ ግን ፊደል አስተማራት፤ በኋላም በማተሙና ሥዕሉን በቀለም በማስጌጡ ሥራ ዋና ረዳቱ ሆነች።

በ1787 ዓ.ም. የሚወደው ታናሽ ወንድሙ ሮበርት ታመመ፤ ብሌክም ሲያስታምመው ሰንብቶ በሞት ተለየው። ነገር ግን ሐዘን ብቻውን የዋህነቱን አላጠፋበትም። በ1789 ዓ.ም. «የየዋህነት መዝሙሮች» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። በዚያም ጢስ ማውጫ የሚጠርግ አንድ ትንሽ ልጅ በሕልሙ መልአክ ሲያጽናናው ይታያል።

በዚያ ዘመን በሎንዶን የድኻ ልጆች በጠባቡ ጢስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ጥላሸት እንዲጠርጉ ይገደዱ ነበረ። ብሌክም ይህንና ይህን የመሰለውን ግፍ አስተውሎ በ1794 ዓ.ም. «የልምድ መዝሙሮች» የተባለውን ጨመረ። ልምድ ማለቱም ክፉውንና ደጉን በኑሮ ቀምሶ ማወቅ ነው። በዚህኛው መጽሐፍ ጠራጊው ልጅ ወላጆቹ ለጸሎት ሄደው ሳሉ በበረዶ ላይ ሆኖ ያለቅሳል፤ የሚያጽናናው መልአክም የለም።

እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ይህ ነው፤ ብሌክ «አሁን ዓለምን አውቄአለሁ» ብሎ የፊተኛውን መጽሐፍ አልጣለውም። ሁለቱን የሰው ነፍስ ተቃራኒ ጠባዮች ናቸው ብሎ ባንድነት አወጣቸው እንጂ። የፊተኛው ብቻውን ቢቀር ሕልም፥ የኋለኛውም ብቻውን ቢቀር ምሬት በሆነ ነበረ።

ስለዚህ በቤታችን ሥዕል የሚሥል ወይም ግጥም የሚገጥም ልጅ ቢኖር በየዋህነቱ አንሳቅበት፤ ኑሮ በመታውም ጊዜ ሙያህን ተው አንበለው። ልጅ ያቦካውን፥ ሲበስል ራሱ ይጋግረዋልና።