የጠላ ጉልበትና ውፍረት ከየት ይመጣል?

ጠላ የቀመሰ ሰው ሁለት ነገር ወዲያው ይለያል፤ ጉልበቱንና ውፍረቱን። ጉልበቱ አልኮሉ ነው። ውፍረቱ ደግሞ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው፣ ምላስን የሚሞላው ነገር ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቀጭን ሆኖ ራስ የሚይዝ ጠላ አለ፤ ወፍራም ሆኖ ጠጪውን ብዙም የማይነካ ጠላም አለ። ልዩነቱ የሚወሰነው ጋኑ ከመታሸጉ ከብዙ ቀን በፊት ነው፤ እህሉ ሲመረጥ፣ ብቅሉ ሲበቅል፣ እንኩሮው ምጣድ ላይ ሲታመስ። እናቶቻችን ይህን ሁሉ በእጃቸውና በአፍንጫቸው ያውቁታል። ከሥራቸው በስተጀርባ ያለው ምክንያት ግን በጽሑፍ ብዙ አይገኝም፤ ሊታወቅ ይገባዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሾ ነው። እርሾ ስኳር በልቶ አልኮልና አረፋ የሚሆነውን ጋዝ ይሰጣል። ከሚበላው ስኳር በክብደት ግማሽ ያህሉ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ግን የያዙት ስኳር ጥቂት ነው። አብዛኛው ክፍላቸው ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ እጅግ ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ስለሆነ እርሾ አይነካውም። ስለዚህ ጠላ መጥመቅ ማለት በመጀመሪያ ሰንሰለቱን መቆራረጥ ማለት ነው። የሚቆራርጠው ብቅል ነው።

ብቅል፦ የጠላ ሞተር

እህል ሲነከርና ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ለሚወጣው ቡቃያ ምግብ እንዲሆን በውስጡ ያጠራቀመውን ስታርች የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል። ከእነዚህ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አልፋ አሚሌዝ ሰንሰለቱን መሃል ላይ ከየቦታው ይቆርጠዋል። ቤታ አሚሌዝ ደግሞ ከጫፍ እየጀመረ ሁለት ሁለት ግሉኮስ ይቆነጥራል፤ የሚወጣው ስኳር ማልቶስ ይባላል፤ እርሾም በደንብ ይበላዋል። ሁለቱ ኢንዛይሞች ቆርጠው ያልጨረሱት አጫጭር ቁራጭ ዴክስትሪን ነው። ዴክስትሪንን የተለመደው የመጥመቂያ እርሾ ሊበላው ስለማይችል መጠጡ ውስጥ ይቀራል። የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበት እርሾ ከበላው ይመጣል፤ ውፍረት እርሾ ከተወው።

በቤት ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ ይታጠባል፣ ይነከራል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ከዚያ በኮባ ወይም በሌላ እርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ለሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ሥሮቹ ወጥተው እርስ በርስ ሲያያዙ ተዘርግቶ በፀሐይ ይደርቃል። ቀኑን ማወቅ ትልቅ ጥበብ ነው። ቶሎ የተቋረጠ ብቅል ኢንዛይሙ ጥቂት ነው። ከመጠን በላይ የቆየ ደግሞ የራሱን ስታርች ለቡቃያው ያበላል፤ ለጠማቂዋ የሚተርፈው ይቀንሳል። በፋብሪካ ብቅል የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ከቅርፊቱ ሥር የሚያድገውን ቡቃያ ይመለከታሉ፤ ርዝመቱ የፍሬውን ሦስት አራተኛ ሲያልፍ ማብቀሉን ያቆማሉ።

ማድረቂያው ፀሐይ የሆነበት ምክንያትም አለ። ኢንዛይም ብርቱ ሙቀት፣ በተለይ እርጥብ ሳለ ካገኘው፣ ይሞታል። ምጣድ ላይ የተቆላ ብቅል ሽታው ቢያምርም ስታርች መቁረጥ አይችልም። የሻገተ ብቅልም በምንም ምክንያት መግባት የለበትም። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ መጥመቅ ደግሞ መርዙን አያጠፋውም።

የእህሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ገብስ ሲበቅል ሁለቱንም ኢንዛይሞች በብዛት ይሰጣል። የማሽላና የበቆሎ ብቅል ግን ቤታ አሚሌዙ ከገብስ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ እህሉ በቆሎ ወይም ማሽላ ቢሆንም፣ ጉልበት ያለው ጠላ የምትፈልግ ጠማቂ ብቅሏን ከገብስ ብታደርግ ትጠቀማለች።

እንኩሮና አሻሮ፦ የምጣዱ ሥራ

ጥሬ ስታርች በጥብቅ የታሸገ ነው፤ ኢንዛይም እንደልብ አይገባበትም። ውሃና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ያብጥና ይከፈታል። ለገብስ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ግን 70 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ዱቄቱ በውሃ ርሶ ምጣድ ላይ የሚታመሰው፣ ቂጣውም የሚጋገረው ለዚህ ነው። እንኩሮ ማለት በሩ የተከፈተ ስታርች ነው። ውስጡ ጥሬ የቀረ እንኩሮ ያለበት ድፍድፍ የቱንም ያህል እህል ቢገባበት የጠበቁትን ጉልበት አይሰጥም።

አሻሮ ግን ሌላ ነው። እህሉ ደርቆ ሲቆላ ቀለምና መዓዛ የሚሰጡ ቡናማ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ እርሾ እነዚህን አይበላም። በጣም በጠቆረ መጠን ወደ ስኳር ሊለወጥ ከሚችለው ስታርች የተወሰነው ይባክናል። ብዙ ሰው የጠላን ጥቁረት የጉልበት ምልክት ያደርገዋል፤ ስህተት ነው። ዓለም የሚያውቀው ጥቁሩ የአየርላንድ ቢራ ጊነስ ድራፍት አልኮሉ 4.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ከብዙ ነጫጭ ቢራዎች ያነሰ። አሻሮን ለቀለምና ለጣዕም፣ እንኩሮን ለጉልበት ማሰብ ይሻላል።

ቢራና ጠላ የሚለያዩበት

ቢራ ፋብሪካ የተፈጨ ብቅልን በሙቅ ውሃ አሽቶ ስኳሩን አስቀድሞ ያወጣል። ሙቀቱ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ከሆነ ቤታ አሚሌዝ በደንብ ይሠራል፤ ማልቶሱ ይበዛል፤ ቢራው ቀጭንና ብርቱ ይሆናል። ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ቤታ አሚሌዝ ቶሎ ይሞታል፤ የሚቀረው አልፋ ብቻ ነው፤ ዴክስትሪኑ ይበዛል፤ ቢራው ይወፍራል፣ አልኮሉም ይቀንሳል። ከዚያ ፈሳሹ ይፈላል፤ ኢንዛይሙ ሙሉ በሙሉ ይሞታል፤ እርሾ የሚጨመረው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የጠላ ጠማቂ መንገዷ ሌላ ነው። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች። የጌሾ ቅጠል በውሃ በጥብጣ ጥንስስ ትጥላለች። ከዚያ ብቅልና ቂጣ፣ ቀጥሎም እንኩሮና የጌሾ እንጨት ጨምራ ድፍድፉን ታሰናዳለች። የሚበስለው ለብቻው በምጣድ ይበስላል፤ ብቅሉ ግን ሳይነካው ቀዝቃዛ ድፍድፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኢንዛይሙ አይሞትም። ስታርች መቁረጡና የእርሾው መብላት በአንድ ጋን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ለቀናት ይቀጥላል። በቢራ ውስጥ ተርፎ ይቀር የነበረው ዴክስትሪን እንኳ እዚህ ቀስ በቀስ እየተቆረጠ ለእርሾው ይደርሳል።

ጌሾ ስኳር አይሰጥም። ሥራው መምረር፣ መዓዛ መስጠትና የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን መግታት ነው። እርሾውም ከሱቅ አይገዛም፤ ከጌሾው፣ ከእህሉና ከዕቃው የሚመጣ ነው። አብረው የሚገቡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ለጠላ የታወቀ ኮምጣጣነቱን ይሰጡታል። ጋኑ በደንብ ካልታሸገና አየር ከገባበት ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አቼቶ ይለውጡታል፤ ያኔ የተደከመበት ጉልበት ሁሉ ኮምጣጤ ይሆናል።

የጠላ ውፍረት ከዴክስትሪን ብቻ አይመጣም። ያልተቆረጠ ስታርች፣ ፕሮቲንና ገና ያልሰከነ ደቃቅ ዱቄትም አለበት። ጉሽ ጠላ አፍ የሚሞላው ለዚህ ነው፤ ሲሰክን ይቀጥናል። ተራ ጠላ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን፣ ውሃው የሚቀንሰው ፊልተር ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። በሌላው ጫፍ ቅራሪ አለ። የመጀመሪያው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ስለሆነ፣ የሚበላ ስኳር ብዙም አልቀረለትም።

ስኳርና ማር ሲጨመሩ

ጠላ አልበረታ ሲል የሱቅ ስኳር የሚጨምሩ አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1 ኪሎ ስኳር በ20 ሊትር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 3 በመቶ ያህል አልኮል ይጨምራል። 1 ኪሎ ጥሩ የገብስ ብቅል ግን፣ ስታርቹ ሁሉ ቢወጣ እንኳ፣ የሚሰጠው ከዚህ ግማሽ ብዙ አያልፍም። ልዩነቱ ማራኪ ይመስላል። ይሁን እንጂ ስኳር እርሾው ጨርሶ የሚበላው ነገር ነው፤ የሚተወው ዴክስትሪን የለም፣ ፕሮቲን የለም፣ የእህል ጣዕም የለም። ስለዚህ ጠላው በበረታ ቁጥር ይሳሳል።

ይህ ባህርይ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ ሆን ተብሎም ይፈለጋል። ቤልጅየም ውስጥ የሚገኘው የዌስትማሌ ገዳም መነኮሳት 9.5 በመቶ አልኮል ባለው ትሪፔል በሚባለው ቢራቸው ስኳር ያስገባሉ፤ ያን ያህል አልኮል ይዞ በጉሮሮ እንዳይከብድ። እንግሊዞች ደግሞ በተቃራኒው ወተት ውስጥ የሚገኘውን ላክቶስ በአንዳንድ ጥቁር ቢራ ይጨምራሉ፤ ላክቶስን የቢራ እርሾ ስለማይበላው ጣፋጭነትና ውፍረት ሆኖ ይቀራል።

ማር ከስኳር ጋር ይቀራረባል። ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ አብዛኛውም ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ እርሾ በቀጥታ ይበላዋል። በደንብ የፈላ ጠጅ ብርቱ ሆኖ ሳለ ቀጭን የሚሆነው ለዚህ ነው። የጠጅ ጣፋጭነት ገና ያልተበላ ማር ነው፤ ጠጁ በቆየ ቁጥር ጣፋጭነቱ ወደ ጉልበት ይለወጣል።

ምርጫው በተግባር

ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነ የገብስ ብቅሉን አብዙ፣ እንኩሮውን በደንብ አብስሉ፣ ለድፍድፉ ጊዜ ስጡት፣ ውሃውን ቀንሱ። ውፍረት የምትፈልጉ ከሆነ ብቅሉን ከእንኩሮው አንጻር ቀንሱ፣ ጠላውንም ሳይቆይ ጠጡት። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ መልሱ እህል መጨመር ነው፤ ስኳር ይህን አይተካም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ቀሏል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ አዋቂ ሰው በቤቱ ለራሱ ቢራ እንዲጠምቅ ፈቅዷል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል። መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የየግዛቱን ደንብም ማየት ያስፈልጋል። ጌሾ በሐበሻ ሱቆች ይገኛል፤ የገብስ ብቅል ደግሞ የቤት ጠማቂዎች ዕቃ በሚሸጡ መደብሮች። እዚያ ስትገዙ ነጣ ያለውን፣ ፔል ሞልት የሚባለውን ምረጡ። ክሪስታልና ቸኮሌት የሚባሉት ጠቆር ያሉ ብቅሎች ሲጠበሱ ኢንዛይማቸው ስለሞተ ቀለምና ጣዕም ብቻ ይሰጣሉ፤ ብቻቸውን ጠላ አያወጡም።

የቢራ ጠማቂዎች ጉልበትን የሚገምቱት ሃይድሮሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ከመፍላቱ በፊት 1.050፣ ከፈላ በኋላ 1.010 ካሳየ አልኮሉ 5.2 በመቶ ገደማ ነው። ለቢራ ይሠራል፣ ለጠጅም ይሠራል። ለጠላ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም የጠላ ስኳር በመጀመሪያው ቀን ፈሳሹ ውስጥ የለም፣ በየቀኑ እየተፈጠረ በየቀኑ ይበላል። ጠላን መለካት የሚቻለው የሚገባውን በመመዘን ነው። እናቶቻችን በእፍኝ፣ በጣሳና በእንስራ የሚሰፍሩት ልክ የረጅም ጊዜ ልምድ ነው፤ እስካልተጻፈ ድረስ ግን ከባለቤቱ ጋር የሚሄድ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ቀጥሎ ጥንስስ ሲጣል ሚዛን አቅርቡ፤ ብቅሉን፣ እንኩሮውን፣ ጌሾውንና ውሃውን መዝኑ፣ የቆየበትን ቀንም ቁጠሩ፣ ሁሉንም ጻፉት።