«ፉርኖ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በከተማ የሚኖር ሰው ማለዳ ከዳቦ ቤት ፉርኖ ገዝቶ ከሻይ ጋር መብላት የተለመደ ነው። በስሙ ከሄድን ግን ይህ ሰው የሚበላው ዳቦውን ሳይሆን ምድጃውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ በኢጣልያንኛ «ፎርኖ» ሲሆን ትርጉሙ ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ ማለት ነው፤ ኢጣልያኖች ዳቦ ቤቱንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ኢጣልያንኛ ደግሞ ቃሉን የወረሰው «ፉርኑስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ከዚሁ ቃል ግሪኮች ፉርኖስ፥ ዐረቦች ፉርን፥ ቱርኮች ፍሪን ሲሉ፥ እስፓኞች የፊቱን ድምፅ ጥለው ኦርኖ አሉ።

የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የላቲኑ «ፉርኑስ» እና ሙቅ ማለት የሆነው የግሪክ ቃል «ቴርሞስ» የተገኙት ሙቀትን ከሚያመለክት ከአንድ ጥንታዊ ሥር ነው። ስለዚህ ሻይ የምናቆይበት ቴርሞስና ከሻዩ ጋር የምንበላው ፉርኖ፥ በስም ረገድ ሳይተዋወቁ በአንድ ገበታ የሚቀርቡ ዘመዳሞች ናቸው።

ታዲያ የምድጃው ስም እንዴት ወደ ዳቦው ተሻገረ? ይህ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «እገሌ ሁለት ብርሌ ጠጣ» ስንል የተጠጣው ጠጁ እንጂ ብርሌው አይደለም። ዳቦውም እንዲሁ በወጣበት ምድጃ ስም ተጠራ፤ ስሙም ከዚያ አልፎ «የፉርኖ ዱቄት» እስከ መባል ደረሰ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ «ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተባርሮ ሳለ ቃሉ ለምን ቀረ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ፉርኖ ማንንም ከቦታው አላፈናቀለም። «ኀበዘ»፥ ማለትም ጋገረ፥ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣውና የዐረብኛው «ኹብዝ» ዘመድ የሆነው ኅብስት በቤተ ክርስቲያንና በመጽሐፍ ክብሩን እንደ ጠበቀ ነው። ዳቦም በየቤቱና በየበዓሉ አለ።

ከዚህም በላይ ዛሬ አንድ ኢጣልያዊ «ፉርኖ በላሁ» ስንል ቢሰማ፥ ምድጃ እንዴት ይበላል ብሎ መደነቁ አይቀርም። ድምፁ ከውጭ ቢመጣም ትርጉሙን የሰጠው የአገራችን ተናጋሪ ነው። እንግዲህ አንድ ቃል የኛ መሆኑን ለማወቅ የመጣበትን በር ብቻ ሳይሆን፥ ከገባ በኋላ የያዘውን ሥራ መመልከት ይገባል።