ከፍ ብላ መጻፍ የነበረባት ስድስት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ወራት ብቻ በተቈጠሩበት ጊዜ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጃችን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ያዘጋጀውን የሙከራ ፈተና በኮምፒዩተር እንድንጽፍለት ለመነን። እኛም በጣታችን ፍጥነት የምንኰራ ስለ ነበርን ነገሩን እንደ ቀላል ቈጥረን ተቀበልነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «2 × 10⁶ ኦም በሆነ ሬዚስተር ላይ 10 ቮልት ቢጫን ስንት አምፔር ያልፋል?» የሚል ነበር። ትክክለኛው መልስ 0.000005 አምፔር ነው።

ፈተናው በተሰጠ ዕለት አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «ጋሼ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም» አለች። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያየው፣ ስድስቲቱ ከላይ ወርዳ ከአሥሩ ጐን ተቀምጣለች፤ 2 × 106 ተብሎ ታትሟል። ልጅቱ ሁለት ሚሊዮን በነበረው ፈንታ በሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት አካፍላ 0.047 ገደማ አግኝታለች። ስሌቷ አንዳች ስሕተት የለበትም። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ጥያቄው ተሰረዘ፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ በእርሱ ላይ ሲደክሙ ያጠፉትን ደቂቃ የሚመልስላቸው አልተገኘም። ዘወትር የምትተማመን ጐበዝ ተማሪም በራሷ እውቀት ለጊዜውም ቢሆን ተጠራጠረች። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም ብለን፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የሒሳብ ምልክት አጻጻፍን በትዕግሥት መመርመር ጀመርን። ያገኘነውንም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጸሐፊዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች እናቀርበዋለን።

ስድስቲቱ ለምን ወረደች?

በእጃችን ስንጽፍ የምልክቱ ቦታ ራሱ ትርጕም ነው። ከፍ ያለችው ቍጥር አሥሩን ስንት ጊዜ በራሱ እንደምናበዛው ትናገራለች፤ ዝቅ ያለችው ደግሞ የስም መለያ ትሆናለች። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን ከፊደል ቀጥሎ በአንድ መስመር መደርደር የለመደ ነው። በተለመደው መንገድ ቍጥርን ከፍ ስናደርጋት፣ ከፍታዋ እንደ ልብስ ከላይ የተደረበ እንጂ ከአካሏ የተሠራ አይደለም። ጽሑፉን ከአንድ ሰነድ ወደ ሌላው ስናዛውር «ጽሑፉን ብቻ» የሚለውን ምርጫ ከተጫንን ልብሱ ይወልቃል፤ ቍጥሪቱም ትወርዳለች። በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ይህ ችግር በኮምፒዩተር አልተጀመረም። የጽሕፈት መኪና በነገሠበት ዘመን ጸሐፊዎች የሒሳቡን ቦታ ባዶ ትተው ያልፉ ነበር፤ ኋላም ባለቤቱ በብዕር ይሞላዋል። የእኛም ቁም ጸሐፊ የቅዱሱን ስም በቀይ ቀለም ሊጽፍ ቦታ ትቶ ያልፍ የለምን? በ1961 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. ሴሌክትሪክ የተባለውን የጽሕፈት መኪና ባወጣ ጊዜ ግን ፊደሎቹ የተቀረጹባት ኳስ የምትነቀል ስለ ሆነች፣ ጸሐፊዋ አንዲቱን ኳስ አውጥታ የግሪክ ፊደልና የሒሳብ ምልክት ያለባትን ሌላ ኳስ ትተክል ጀመር። ለአንድ መስመር ቀመር ኳስ ደጋግሞ መንቀልና መትከል ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ አንባቢ ይገምተው።

በ1977 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ክኑት የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ የመጽሐፉ አዲስ እትም ለእርማት ሲመጣለት የሒሳቡ አቀማመጥ እጅግ አስቀየመው። ተቈጥቶም አልቀረ፤ «ቴክ» የተባለውን የሒሳብ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሠራ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት በዚሁ ላይ ተመሥርቶ «ላቴክ»ን አዘጋጀ። ዛሬ በዓለም ላይ የሒሳብ ምሁራን ጥናታቸውን በብዛት የሚጽፉት በዚህ ነው። የቴክ ዋና ምሥጢር ምልክቱን በዓይን ፈልጎ ከመልቀም ይልቅ በስሙ መጥራት ነው።

በወርድ እንዴት ይጻፋል?

ብዙዎቻችን የምንጽፈው ግን በማይክሮሶፍት ወርድ ስለ ሆነ፣ ወደ እርሱ እንመለስ። ከ2007 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ ወርድ የራሱ የቀመር መጻፊያ አለው። በዊንዶውስ፣ «አልት» የምትባለውን ቍልፍ ተጭኖ የእኩል ምልክትን (=) ሲመቱ፣ አንዲት ሣጥን ትከፈታለች። በዚያች ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ሁሉ ሒሳብ መሆኑን ኮምፒዩተሩ ያውቃል። ከፍ ለማድረግ ^ የምትባለውን ምልክት፣ ዝቅ ለማድረግ ደግሞ _ የምትባለውን መትቶ ቍጥሩን መጻፍና የባዶ ቦታውን ቍልፍ መጫን ይበቃል።

ክፍልፋይ ሲጻፍ ቅንፍን መርሳት አይገባም። (6+4)/(2+3) ብለን ባዶ ቦታውን ስንጫን፣ ቅንፎቹ ይጠፉና 6+4 ከላይ፣ 2+3 ከታች ሆነው በመካከላቸው መስመር ይሰመራል፤ ውጤቱም 2 ነው። ቅንፉን ረስተን 6+4/2+3 ብንል ግን ከመስመሩ በላይ 4፣ በታችም 2 ብቻ ይሆኑና ውጤቱ 11 ይሆናል። በሁለትና በዐሥራ አንድ መካከል ያለው ልዩነት ተማሪን ከማለፍ ወደ መውደቅ ሊያደርሰው ይችላል።

ምልክቶቹም እንደ ቴክ በስማቸው ይጠራሉ። የተገለበጠችውን ሰያፍ መስመር (\) መትቶ አልፋ፣ ቤታ ወይም ፓይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ባዶ ቦታውን ሲጫኑ፣ የግሪኩ ፊደል ብቅ ይላል። ለሥር ምልክት (√) ደግሞ ከሰያፏ መስመር ቀጥሎ ኤስ፣ ኪው፣ አር፣ ቲ የሚሉት አራት ፊደላት ይጻፋሉ። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን የቍልፍ ሰሌዳውን አስቀድሞ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር አለበት፤ አለዚያ ሰያፏ መስመር ቈማ ትቀራለች።

ከሣጥኑ ውጭ አንድ ምልክት ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። 2260 ጽፎ ወዲያው አልትንና ኤክስን አብሮ መጫን የ«እኩል አይደለም» ምልክትን (≠) ያመጣል፤ 2264 ደግሞ ≤ን ይሰጣል። 2212 እውነተኛውን የመቀነስ ምልክት ያወጣል። በእርሱ ፈንታ የቃል ማያያዣ ጭረትን የሚመታ ሰው፣ ጭረቱ በመስመር መጨረሻ ቀርቶ ቍጥሩ ወደ ታች ሲወርድ፣ የአምስት ብር ዕዳ የአምስት ብር ሀብት መስሎ ሊታይበት ይችላል። በዚህ መንገድ የገዛ ቍጥራችንም አልተረሳም፤ 1369 ፩ን፣ 1372 ደግሞ ፲ን ያመጣል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 መዝገብ ስለ ገባ፣ ፲ በየትኛውም አገር ኮምፒዩተር ያው ቍጥር ሆኖ ይታወቃል።

ከፈተና ወረቀት የሚብስ

የመዝገቡ ጥቅም የሚታወቀው ሳይኖር ነው። ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ፤ የአማርኛው መልክ በላቲን ፊደል ቦታ ተደብቆ ይቀመጥ ነበርና። «ሲምቦል» የሚባለው የፊደል ዓይነትም እንዲሁ ነው። በእርሱ ሲጻፍ የላቲኑ ኤም የግሪኩን ሙ፣ ማለትም የማይክሮን ምልክት ይመስላል። የፊደሉ ዓይነት ሲለወጥ ግን ተመልሶ ኤም ይሆናል፤ 50 ማይክሮ ግራም የተባለውም መድኃኒት 50 ሚሊ ግራም ተብሎ ይነበባል። ይህም አንድ ሺህ እጥፍ ነው! ስለዚህ በሕክምና ጽሑፍ «ማይክሮ ግራም» ብሎ በፊደል መጻፍ ይመረጣል።

ቀመር ያለበትን ሰነድ በቀድሞው የወርድ ዓይነት፣ ማለትም በ97-2003 መልክ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ቀመሩ ወደ ሥዕል ይለወጥና አይታረምም። ከ2007 በፊት የነበረው የቀመር መጻፊያም የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶበት በጥር ወር 2018 እ.ኤ.አ. ከፕሮግራሙ ወጥቷል። የቈየ ፈተና ያላቸው መምህራን ቀመሩን በአዲሱ ሣጥን ደግመው ቢጽፉት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ዓይን ነው። ፈተናው ከመባዛቱ በፊት አንድ ቅጂ በወረቀት ታትሞ፣ አንዱ የእጅ ጽሑፉን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌላው በታተመው ላይ ይከተለው። ይህም ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም። እኛ ያን ሩብ ሰዓት ስለ ነፈግን፣ አንዲት ተማሪ ያለ ጥፋቷ ራሷን ጠረጠረች። እጇን አንሥታ ባትናገር ኖሮ፣ ሌሎቹም ስሕተቱን የራሳቸው አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።